ምዕራፍ ሦስት፦ ብቻውን ያልሄደው ሰው

ጆርጅ ቡን የተባለ ሽማግሌ ሸማኔ በ1744 ፔንስልቬንያ ውስጥ ሲሞት ስምንት ልጆች፣ 52 የልጅ ልጆችና 10 የልጅ ልጅ ልጆች በሕይወት ነበሩት። ቁጥሩን የመዘገበው ከልጅ ልጆቹ አንዱ ነው። ደምሮ 70 ሲመጣለት ብዕሩን አላስቀመጠም፤ ያዕቆብ ግብፅ በወረደ ጊዜ ከነቤቱ የተቆጠረው ነፍስም ይህንኑ ያህል እንደነበረ አክሎ ጻፈ። ዘፍጥረትን የሚያውቅ አንባቢ ምን ማለቱ እንደሆነ አይጠፋውም። የያዕቆብ ቤት ረኃብ ገፍቶት የገባ ቤተሰብ ነበር፤ ሲወጣ ግን ሕዝብ ሆኖ ነው።

ከ52ቱ የልጅ ልጆች አንዱ ገና ዐሥር ዓመት ያልሞላው ዳንኤል ነው። የአሜሪካ ልጆች በትምህርት ቤት የሚማሩት፣ ፊልምና ቴሌቪዥን ደጋግመው ያሳዩት ዳንኤል ቡን ይኸው ነው፦ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ የራኩን ቆዳ ቆብ ደፍቶ፣ ማንም ያልረገጠውን ጫካ ብቻውን ሰንጥቆ የሚያልፍ ጀግና። ቆቡ እንኳ የእሱ አይደለም፤ ሰውየው የሚያደርገው ሰፊ ባርኔጣ ነበር። ጫካውንም ሌሎች ከእሱ በፊት ለብዙ ዘመን ኖረውበታል፣ አድነውበታል። እኔን ይበልጥ የምትገርመኝ ግን «ብቻውን» የምትለዋ ቃል ናት። የሰውየውን ሕይወት ከቤተሰቡ መዝገብ ጎን አድርጎ ላነበበ፣ ዳንኤል ቡን ብቻውን የሄደበት መንገድ ጥቂት ነው። የትም ሲሄድ ስንቅ ይዞ የሚከተለው ወንድም፣ አብሮት የሚያድን አማች፣ ልጅ አዝላ ጓዝ የጫነች እህት አይታጡም።

ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት ስለ ቀኖች ትንሽ ልበል። በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ዳንኤል የተወለደው ኦክቶበር 22 ቀን 1734 ነው። እንግሊዝና ቅኝ ግዛቶቿ በ1752 አሮጌውን አቆጣጠር ትተው 11 ቀን ሲዘሉ ልደቱ ወደ ኖቬምበር 2 ተገፋ። እሱ ግን አልተገፋም፤ እስኪሞት ድረስ ልደቴ ኦክቶበር 22 ነው እንዳለ ኖረ። በእኛ ቢቆጠር ሁለቱም ቀኖች የሚያርፉት ጥቅምት 25 ቀን 1727 ላይ ነው።

የዘሩ መነሻ ደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ ዴቨን ውስጥ ብራድኒንች የምትባል ትንሽ ከተማ ናት። የጆርጅ አባት ቀጥቃጭ ነበር፤ ጆርጅ ደግሞ ሸማኔ ሆነ። (እነዚህ ሁለት ሙያዎች በአገራችን የስንቱን ቤት ስም እንዳጎደፉ እናውቃለን፤ እዚያ ግን ሀብት ባያመጡም አያሳፍሩም።) ጆርጅና ሚስቱ ሜሪ ኩዌከሮች ነበሩ። የዚያ ዘመን ኩዌከር ቄስ አልነበረውም፣ አይምልም፣ አይዘምትም፣ ለባለሥልጣንም ባርኔጣውን አያወልቅም ነበር። ይህ ጠባያቸው በእንግሊዝ ብዙዎችን ለእስርና ለውርስ ዳርጓቸዋል። ከእነሱ አንዱ የሆነው ዊልያም ፔን በ1681 ከንጉሡ ሰፊ ግዛት ተሰጥቶት ፔንስልቬንያን ሲመሠርት ለወገኖቹ መጠጊያ ተገኘላቸው። የጆርጅ ዘመን ሲደርስ ስደቱ በርዶ ነበር፤ የመሬቱ ወሬ ግን ገና ትኩስ ነው።

ጆርጅ ዘሎ መርከብ ላይ አልወጣም። በ1713 አካባቢ ከልጆቹ ከፍ ከፍ ያሉትን ሦስቱን፣ ጆርጅን፣ ሣራንና ስኳየርን፣ አስቀድሞ ላካቸው። ስኳየር የማዕረግ ስም ይመስላል፤ የዚህ ልጅ ግን ቤተሰቡ ያወጣለት ስም ነው። ልጆቹ አገሩን አዩት፣ ወደዱት፤ አባት በ1717 ቀሪውን ቤተሰብ ይዞ ፊላዴልፊያ ወረደ። ይህን ቅደም ተከተል አንባቢዬ ልብ ይበልልኝ። መጀመሪያ ጥቂቶች ሄደው ያያሉ፣ ቀጥሎ ቤቱ ይነቀላል። ቡኖች ለመቶ ዓመት ያህል የተንቀሳቀሱት በዚሁ ዘዴ ነው።

ስኳየር እንደ አባቱ ሸማኔ፣ እንደ አያቱ ቀጥቃጭ ሆኖ፣ በ1720 ከዌልስ ከመጡ ኩዌከሮች ቤት ሣራ ሞርጋንን አገባ። ኦሊ ሸለቆ ውስጥ 250 ኤከር፣ በእኛ ልክ ሁለት ጋሻ ተኩል ያህል መሬት ገዝቶ ገባ። ዐሥራ አንድ ልጆች ተወለዱ፤ ዳንኤል ስድስተኛው ነው።

ከሦስት መቶ ዓመት በፊት የኖረን የአንድ ሸማኔ ቤት ጉዳይ ይህን ያህል ማወቃችን የኩዌከሮች ጉባኤ ውለታ ነው። በየወሩ ይሰበሰባሉ፣ ቃለ ጉባኤ ይይዛሉ። ማን ወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን ማንን ሊያገባ ፈቃድ ጠየቀ፣ ማን አጥፍቶ ተመከረ፣ ሁሉም ይጻፋል። የቡኖች ቤት መሰንጠቅ የጀመረውም እዚሁ ቃለ ጉባኤ ላይ ነው። በ1742 የስኳየር ታላቅ ልጅ ሣራ ከማኅበሩ ውጪ የሆነ ሰው አገባች፤ ከሠርጉ በፊትም አርግዛ ነበር። አባት ጉባኤው ፊት ቀርቦ ጥፋቱን አመነ፣ ነገሩ በዚሁ አለፈ። በ1747 ደግሞ የወንዶቹ ታላቅ እስራኤል እንደ እህቱ ከውጪ አገባ። ሽማግሌዎቹ መጡ፤ ስኳየር ግን በዚህኛው ጊዜ አንገቱን አልደፋም። በ1748 ከማኅበሩ አስወጡት። ሚስቱን አላስወጧትም፤ ሣራ ልጆቿን ይዛ ወደ ጉባኤው መሄዷን ቀጠለች።

በ1750 ስኳየር ቤቱን ነቅሎ ወደ ደቡብ አቀና። ብዙ ጸሐፊዎች ምክንያቱ ያ መባረር ነው ይላሉ። እኔ ግማሹን ብቻ ነው የማምነው። ሁለት ጋሻ ተኩል መሬት ለዐሥራ አንድ ልጅ ቢካፈል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ምን ያህል እንደሆነ የገበሬ ልጅ ወረቀት ሳይፈልግ ያሰላዋል። ስኳየር የተጣላው ከሽማግሌዎቹ ጋር ብቻ ቢሆን ኖሮ ጎረቤት ወረዳ መዛወር ይበቃው ነበር። እሱ ግን ያገቡትንም ያላገቡትንም፣ ያ ሁሉ ጠብ የተነሣበትን አማቹን ሳይቀር አስከትሎ፣ በሼናንዶዋ ሸለቆ በኩል ሰሜን ካሮላይና ያድኪን ወንዝ ድረስ ወረደ። በ1753 እዚያ በስሙ 640 ኤከር ተመዘገበለት፤ ስድስት ጋሻ ተኩል ያህል ማለት ነው። ምክንያቱን የሚናገረው ይህ ቁጥር ይመስለኛል።

ያድኪን ላይ ብራያኖች ቀድመዋቸው ሰፍረዋል፤ እነሱም ከፔንስልቬንያ የወረዱ ናቸው። ዳንኤል በ1756 ርብቃ ብራያንን አገባ፤ ያጋባቸው በዳኝነት ያገለግል የነበረው አባቱ ነው። እህቱ ሜሪ የርብቃን አጎት፣ ወንድሙ ኤድዋርድ የርብቃን እህት አገቡ። ዘር ከልጓም ይስባል እንደሚባለው፣ ከዚህ በኋላ አንዱ ቤት ሲነቃነቅ ሌላውም ይነቃነቃል። ርብቃ አዲስ ጎጆዋ ስትገባ ባዶ ቤት አልጠበቃትም። በዚያው ዓመት የሞተው የእስራኤል ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሩ፤ የ17 ዓመቷ ሙሽራ የእነሱም እናት ሆነች። ከ1757 እስከ 1781 ባሉት ዓመታት እሷም ዐሥር ወለደች።

እዚህ ላይ አንድ ንጽጽር ይመጣብኛል። በርስት ሥርዓት ሰው ዘሩን ይቆጥር የነበረው ወደ አንድ መሬት ለመመለስ ነው። እስከ አቅኚው አባት ድረስ ወደ ላይ ይቆጥርና ድርሻዬ ይሰጠኝ ይል ነበር። የቡኖች ዘር ቆጠራ አካሄዱ ተቃራኒ ነው። በየትውልዱ አዲስ አቅኚ ይነሣል፤ የአባት መሬት የሚፈለገው ተሸጦ የሚቀጥለው እንዲገዛበት ነው። ታዲያ የሚቀጥለው መሬት የማን ነበር?

ከአፓላቺያ ተራሮች ወዲያ ያለው ኬንታኪ ሾኒና ቸሮኪ የሚባሉት ነባር ሕዝቦች፣ ሾኒዎች የኦሃዮን ወንዝ ተሻግረው፣ ቸሮኪዎች ከደቡብ መጥተው የሚያድኑበት አገር ነበር። ጎሽና አጋዘን በየሆራው ጨው ሊልሱ ይሰበሰቡበት ነበር። ኢሮኮ የሚባሉት ሌሎች ነባር ሕዝቦች በ1768 ይህን አገር ለእንግሊዝ ሲያስረክቡ ሾኒዎችን የጠየቀ የለም። ዳንኤል በ1769 ሜይ 1 ከአምስት ሰዎች ጋር ሊያየው ወጣ፤ ከአምስቱ አንዱ የእህቱ የሐና ባል ጆን ስቱዋርት ነው። ሾኒዎች በመጀመሪያው ዓመት ያዟቸውና ያደኑትን ቆዳ ወርሰው፣ ሁለተኛ እንዳትመጡ ብለው ለቀቋቸው። ባሩድና እርሳስ ይዞ ጫካ ለጫካ ፈልጎ ያገኛቸው ታናሽ ወንድሙ ስኳየር ነው። ይህ ታናሹ ስኳየር ጠመንጃ ሠሪም ሰባኪም ነበር፤ እሱ ባይመላለስ ኖሮ ያ «ብቸኛ አዳኝ» ሁለት ዓመት ጫካ ውስጥ ሊቆይ አይችልም ነበር። ስቱዋርት አንድ ቀን እንደወጣ ሳይመለስ ቀረ። ከዓመታት በኋላ ዐፅሙ ባዶ የዛፍ ግንድ ውስጥ ተገኘ፤ የታወቀውም ስሙ በተቀረጸበት የባሩድ ቀንዱ ነው።

በ1773 ቤተሰቡ ተነሥቶ ወደ ኬንታኪ ጉዞ ጀመረ። ኦክቶበር 10 ሊነጋጋ ሲል፣ ከዋናው ጓዝ ወደ ኋላ ቀርተው ባደሩት ላይ ጥቃት ተከፈተ። የዳንኤል የበኩር ልጅ የ16 ዓመቱ ጄምስ ቆስሎ ወደቀ፤ ከገዳዮቹ አንዱን ያውቀው ስለነበር በስሙ እየጠራ ቶሎ እንዲጨርሰው ለመነው። ይህን የምናውቀው አዳም ከሚባል ጥቁር ባሪያ ነው፤ ወንዝ ዳር በተከመረ እንጨት ውስጥ ተደብቆ ሁሉንም አየ፣ ሰማ። ርብቃ ልጇ በባዶ አፈር ላይ እንዳይተኛ የበፍታ አንሶላ ሰጠች፤ ጓዙ ወደ ኋላ ተመለሰ።

በ1775 ሪቻርድ ሄንደርሰን የሚባል የመሬት ነጋዴ ከተወሰኑ የቸሮኪ አለቆች ጋር ተዋውሎ ኬንታኪን ገዛሁ አለ፤ ቨርጂኒያ በኋላ ውሉን ሽራዋለች። ዳንኤል መንገዱን በካምበርላንድ መተላለፊያ በኩል እየመነጠረ ከፈተ፣ ኬንታኪ ወንዝ ዳር ምሽግ ተሠራ፣ ቡንስቦሮ ተባለ። በሚቀጥለው ዓመት የ13 ዓመት ልጁ ጀማይማ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ታንኳ ላይ ሳለች ተወሰደች፤ አባቷ ዱካ ተከትሎ በሦስተኛው ቀን አስጣላት። በ1778 ደግሞ የተያዘው እሱ ነው። ሰዎቹ ብሉ ሊክስ ከሚባለው ሆራ ጨው ሲያፈሉ ሾኒዎች መጡባቸው። አለቃቸው ብላክፊሽ ዳንኤልን በጉዲፈቻ ልጅ አደረገው፣ ሼልቶዊ ማለትም ትልቅ ኤሊ ብሎ ስም አወጣለት። ለሾኒዎች ይህ ጨዋታ አልነበረም፤ የሞተ ልጅ ቦታ በተወሰደ ሰው ይሞላ ነበር፣ ያ ሰውም ከዚያ በኋላ ዘመድ ይሆናል። ዳንኤል ከአዲሱ አባቱ ቤት ለአራት ወር ያህል ኖሮ ጠፋ፤ 160 ማይል በአራት ቀን ገስግሶ ምሽጉ ቢደርስ ርብቃ የለችም። ሞቷል ብላ ልጆቿን ይዛ ካሮላይና ገብታለች። የጠበቀችው ጀማይማ ብቻ ነበረች።

በ1780 ወንድሙ ኤድዋርድ፣ በ1782 ያው ብሉ ሊክስ አጠገብ በተደረገ ውጊያ ሁለተኛ ልጁ እስራኤል ተገደሉ። እስራኤል 23 ዓመቱ ነበር፤ አባቱ ፈረስ ይዞለት ውጣ ሲለው ጥዬህ አልሄድም ብሎ እንደቀረ ከቤተሰቡ ተሰምቷል።

ቤተሰቡ ሹክ የሚባባለው ሌላ ነገርም አለ። ዳንኤል ከረጅም ጉዞ ሲመለስ የእሱ ልትሆን የማትችል ሕፃን ጠበቀችው፤ አባቷ ወንድሙ ኤድዋርድ ነው፤ ዳንኤልም ያው ከቤት አልወጣም ብሎ ልጅቱን እንደ ልጁ አሳደገ ይባላል። አንዳንዶች ልጅቱ ጀማይማ ናት ይላሉ፣ ሌሎች ሌላዋን ይጠራሉ። ወሬው ጽሑፍ ላይ የዋለው ባለቤቶቹ ካለፉ በኋላ ስለሆነ ልምልበት አልደፍርም። ልጣለው ብልም አይሆንልኝም፤ ምክንያቱም ዘር ቆጣሪ መዝገብ የማይነግረንን አንድ ነገር ይነግረናል፦ ባል ለዓመት፣ ለሁለት ዓመት ሲጠፋ ቤት የሚጠብቀው የባል ወንድም ነበር፤ የኤድዋርድ ሚስት ደግሞ የርብቃ እህት።

የቤተሰቡን ወሬ ከአፍ ወደ ወረቀት ያመጣው ላይማን ድሬፐር ነው። ድሬፐር ዕድሜውን ሙሉ ሽማግሌ ፍለጋ ሲዞር የኖረ ሰብሳቢ ነው፤ በ1851 ሚዙሪ ሄዶ የዳንኤልን የመጨረሻ ልጅ ናታንንና ሚስቱን ኦሊቭን እየጠየቀ በመቶዎች የሚቆጠር ገጽ ሞላ። ሊጽፈው ያሰበውን የቡን ታሪክ ሳይጨርስ ሞተ። እንደኔ ቢሆን ይህ አላሳዘነኝም፤ ጽፎ ቢጨርስ ኖሮ የእሱን ድምፅ ነበር የምንሰማው፤ አሁን የምንሰማው የኦሊቭን ነው። በ16 ዓመቷ አግብታ፣ ከ18 ዓመት ባሏ ጋር ወንዝ ሲሻገሩ እሱ ሲቀዝፍ እሷ ታንኳውን እየመራች፣ ከጎን የሚዋኘውን ፈረስ ልጓም እንዴት ይዛ እንደነበረ ትናገራለች።

ወደ ሚዙሪ ያሻገራቸው ወረቀት ነው። ኬንታኪ ውስጥ ዳንኤል መሬት ቀያሽ ሆኖ የራሱንም የሰውንም ይዞታ ይለካ ነበር። የቅየሳው ሥርዓት ልቅ ስለነበር አንድ ኮረብታ ሦስት ባለቤት ይወጣለታል፤ ዳንኤልም ምዝገባ አይሆንለትም። በ1780 ሰዎች መሬት ግዛልን ብለው የሰጡትን 20,000 ዶላር ያህል ገንዘብ ማደሪያ ቤት ተኝቶ ተሰረቀ፤ ከፊሎቹ ተዉለት፣ ከፊሎቹ እስኪከፍል ጠበቁ። ለተወሰነ ጊዜ ነጋዴና ባለ ማደሪያ ቤት ሆኖ ሰባት ባሪያዎች እስከመያዝ ደርሶ ነበር። ከዚያ ክሱ ተከታተለ፣ መሬቱ አንድ በአንድ ሄደ። በ1798 ለምስክርነት ተጠርቶ ባለመቅረቡ የእስር ትእዛዝ ወጣበት። በዚያው ዓመት የኬንታኪ ምክር ቤት አንድ ወረዳ በስሙ ሰየመለት።

ጎረቤት የበዛበት አዳኝ ወደ ምዕራብ ሸሸ የሚለው ተረት እዚህ ላይ ነው የተተከለው። እውነቱ የአያቱ ዘዴ ነው። ልጁ ዳንኤል ሞርጋን ቀድሞ ሄዶ በስፔን እጅ የነበረውን አገር አየ፣ ገዢው ለአባቱ መሬት እንደሚሰጥ ቃል ገባለት። በ1799 የ64 ዓመቱ ሽማግሌ ከርብቃ፣ ከልጆቹ፣ ከአማቾቹና ከባሪያዎቹ ጋር ተነሣ። ስፔን 850 ኤከር ሰጠችው፣ በወረዳው ላይም ዳኛ አደረገችው። አገሩ በ1803 ለአሜሪካ ሲሸጥ ያም መሬት በወረቀት ጉድለት ሄደ። ኮንግረሱ በ1814 መለሰለት፤ እሱም ሸጦ የኬንታኪ ዕዳውን ከፈለበት። ርብቃ ዓመት ቀደም ብላ ሞታለች። እሱ በ1820 ሴፕቴምበር 26 በናታን ቤት፣ በ85 ዓመቱ አረፈ።

ዘሩ አልቆመም። በ1846 የልጅ ልጁ አልፎንሶ ኦሪገን ደርሶ ዊላሜት ወንዝ ላይ ልጆቹ መሻገሪያ ከፈቱ፤ መንገዱ ዛሬም በስማቸው ይጠራል። ኦሊ ሸለቆ የቀሩት ደግሞ ከጎረቤት ተጋብተዋል፤ የዳንኤል አጎት ልጅ አን ቡን በ1760 አብርሃም ሊንከን የሚባል ሰው አገባች። የዚህ ሰው አባት ሞርዴካይ የፕሬዚዳንቱ የሊንከን ቅድመ አያት አባት ነው።

ዳንኤል የተቀበረው ሚዙሪ፣ በብራያኖች እርሻ ላይ፣ ከርብቃ ጎን ነው። በ1845 የኬንታኪ ሰዎች መጥተው የሁለቱን ዐፅም ቆፍረው ወሰዱ፣ ፍራንክፈርት በክብር ቀበሩ። ሚዙሪ የቀሩት ዘመዶች ግን የወሰዳችሁት የእሱን አይደለም አሉ። በዚያ መቃብር ምልክት የሌላቸው የባሪያዎች ጉድጓዶችም ነበሩና። በ1983 አንድ ባለሙያ በ1845 ከራስ ቅሉ ላይ የተወሰደውን የጄሶ ቅርጽ መርምሮ የጥቁር ሰው ሊሆን እንደሚችል ተናገረ፤ ሌሎች አልተቀበሉትም። በዳንኤል የመጨረሻ ዓመታት ሚዙሪ ውስጥ ከጎኑ ሳይለይ ያደነው ዴሪ ኮበርን የልጁ ባሪያ ነበር፤ የእሱን ዘር የቆጠረ ጉባኤ ግን አልነበረም። ሁለቱም ግዛቶች መቃብሩ እኛ ዘንድ ነው ይላሉ፣ ሁለቱም ላይ ሐውልት ቆሟል።